ድሪሉ ይዞራል፣ ግድግዳው ግን አይበሳም፦ የቤት መሣሪያዎች ችግርና መፍትሄ

ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ድሪል አዲስ አበባ ውስጥ የሠራው ለአሥር ሰከንድ ያህል ነው። ከእኛ ሶኬት ጋር የሚያገጥም አስማሚ ገዝቼ ሰካሁት። ቁልፉን ስጫነው ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ዕቃው አዲስ ነበር፤ እንከንም አልነበረበትም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ሞተሩ ላይ የወረደበት ኃይል ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤቶቼንም ዕቃ ስነካካ የገባኝ ነገር ቢኖር ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ከግዢው ቀን እንደሚጀምር ነው። ለሥራው ያልሆነ ዕቃ ይገዛል፣ ከዚያ በጉልበት ይሠራበታል። ስለዚህ ከታች ምልክቱን ፈልጋችሁ ስታነቡ ምን እንደምትገዙም አብራችሁ አስቡበት።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲሰካ ይጨሳል

አስማሚ የሚቀይረው የስፒናውን ቅርፅ ብቻ ነው፤ ቮልት አይቀንስም። ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ሐሳብ ሰኩት። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጡ የድሪል ባትሪ ቻርጀሮች ግን ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት በደንብ ከፍ ይበል። ለ600 ዋት ድሪል 1000 ዋት ግዙ፤ 500 ከገዛችሁ እሱም ይቃጠላል።

«ምን ላምጣላችሁ?» የሚል ዘመድ ካላችሁ የእጅ መሣሪያ በሉት። ጥሩ ፒንሳና ጥሩ ካቻቢቴ ቮልት አይመርጡም። የብሎን ቁልፍ ከሆነ ግን በሚሊ ሜትር የተለካ ይሁን። እዚያ በኢንች የተለካም ይሸጣል፣ እኛ ጋ ያለው ብሎን ደግሞ በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ኢንች ቁልፍ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር ላይ አይገባም። 9/16 የተጻፈበት ወደ 14.3 ስለሆነ 14 ቁጥር ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል። የላላ ቁልፍ የብሎኑን ጠርዝ በልቶ ክብ ያደርገዋል። አንዴ ክብ ከሆነ በኋላ በተራ ቁልፍ አይፈታም፤ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነው።

ድሪሉ ይዞራል፣ ግድግዳው አይበሳም

በጣም የምጠየቀው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ አቅጣጫውን እዩ። ከመጫኛው ቁልፍ በላይ ግራና ቀኝ የሚገፋ ትንሽ መለወጫ አለ። ትናንት ብሎን ስትፈቱ ለውጣችሁት ከሆነ ፑንታው፣ ማለትም የሚበሳው ዘንግ፣ ዛሬም ወደ ኋላ ይዞራል። ግድግዳውን ያሻሸዋል እንጂ አይበላውም። «ድሪሌ ሞተ» ብሎ የመጣ ጎረቤቴ ችግሩ ይሄ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ቀጥሎ ፑንታውን እዩ። የግንብ ፑንታ ጫፉ ላይ ከዘንጉ ሰፋ ያለች፣ የተበየደች ትንሽ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁራጭ) አለችው። የብረት ፑንታ ይህ የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ብረት ነው። የብረቱን ግንብ ላይ ከተጠቀማችሁበት በአንድ ቀዳዳ ዶልዱሞ ይቀራል። የግንቡም ቢሆን ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ በሙቀት ተጎድቷል። ምክንያቱ ሳያወጡ አጥብቆ መግፋት ነው። ብናኙ ውስጥ ተጠቅጥቆ መውጫ ያጣል፣ ሙቀቱም አብሮት ይታፈናል። በየጥቂት ሰከንዱ ድሪሉ እየዞረ ወደ ኋላ ሳቡትና ብናኙ ይውጣ። የጋለ ፑንታ ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ ካርባይዱ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ግድግዳው ራሱ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምሰሶውና ቢሙ አርማታ ነው። ክፍል ከክፍል የሚለየው ብሎኬት ነው፣ በአንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ፓነል። በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። አርማታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ብሎኬት ይለሰልሳል፤ አግሮስቶን እንደ ሣጥን ያስተጋባል።

አርማታ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለበት ድሪል የግድ ነው፤ መምረጫውንም ወደ መዶሻው ምልክት አዙሩት። ምልክቱ ጨርሶ ከሌለበት ዕቃው ለእንጨትና ለብረት የተሠራ ነውና አታስጨንቁት። የመዶሻ ድሪል ኖሯችሁም ከባድ ከሆነባችሁ ሂልቲ የምንለውን ትልቁን የመዶሻ ድሪል ለአንድ ቀን ተከራዩ። መጋረጃ ለመስቀል ብሎ ሂልቲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲም ገብቶ ቀጥ ካለና የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካወጣ ፌሮ አግኝቷል። የቤቱ ጥንካሬ እሱ ነውና አትብሱት። ቀዳዳውን ጥቂት ሳንቲም ወደ ጎን አሽሹት።

ብሎኬት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ መዶሻው ጠላት ነው። ሲቀጠቅጠው ግድግዳው ከውስጥ ይፈርሳል፣ 8 ቁጥር ብላችሁ የበሳችሁት 12 ይሆናል፣ ፊሸሩም (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ከነብሎኑ ተመዞ ይወጣል። መዶሻውን አጥፉና ዝም ብሎ በመዞር ብቻ ይብሳ። ቀዳዳው አስቀድሞ ከሰፋ ክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ከባድ መደርደሪያ ሊሰቀልበት ከሆነ ግን አደገኛ ነው። በሲሚንቶ ደፍናችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አሳድሩትና እንደገና ብሱት። አግሮስቶን ላይም መዶሻ አይታሰብም። ቴሌቪዥንና የኩሽና መደርደሪያ ደግሞ ከአግሮስቶን ይልቅ ብሎኬቱን ወይም ምሰሶውን ፈልጉላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን አትብሱ። ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው።

ድሪሉ ወይም ግራይንደሩ ከውስጥ ይፈነጥቃል፣ ይቆራረጣል

በአየር መውጫው በኩል ትንሽ ሰማያዊ ፍንጣሪ ቢታይ ጤነኛ ነው። እንደ ቀለበት ከበብ ያለ እሳት ከታየ፣ ወይም ዕቃው መታ ሲደረግ ተነስቶ እንደገና የሚቆም ከሆነ፣ ካርቦኑ አልቋል። ካርቦን ሞተሩ ላይ እየተጫነ መብራት የሚያቀብል ትንሽ ጥቁር ጡብ ነው፤ እንደ እርሳስ እየተበላ ያልቃል። ከ6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩት። በብዙ ዕቃ ላይ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ክብ ክዳኖች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈታሉ፣ ካርቦኑ ከነሞላው ብቅ ይላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና በልኩ ግዙ። አዲሱን ካስገባችሁ በኋላ ሥራ ሳታሸክሙት ጥቂት ደቂቃ ይዙር።

ካርቦኑ ደህና ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለ ግን ዕቃው ከአቅሙ በላይ ሠርቷል፣ ወይም አየር መውጫው በብናኝ ተደፍኗል። ስፒናውን ነቅላችሁ በቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ማታ ማታ መብራት ሲዳከምም አትግፉት። የሚያቀዘቅዘው ፋን ከሞተሩ ጋር ነው የሚዞረው፤ ሞተሩ ሲዘገይ ነፋሱም ይቀንሳል።

የግራይንደር ዲስክ ይሰበራል

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። በብረታ ብረት ቤቶች የማየው ነገር ያስፈራኛል። የትንሹን ግራይንደር መከለያ ፈትተው የትልቁን ዲስክ ያስገባሉ። ትንሹ፣ 115 ሚሊ ሜትር የሚይዘው፣ በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የ230 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ የተሠራው ቢበዛ 6,600 ለሚዞር ነው፤ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ጠርዙ በሰከንድ ከ80 ሜትር እንዳያልፍ ነው የተወሰነው። በትንሹ ላይ ሲታሰር ከ130 በላይ ይሄዳል። ይፈነዳል፣ ቁርጥራጩም ወደ ፊታችሁ ሊመጣ ይችላል። መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከግራይንደሩ የዙር ቁጥር አይነስ፣ መከለያው አይፈታ፣ መነጽር ይደረግ።

ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክም ግራይንደር ላይ አይታሰር። እንጨቱ ሲነክሰው ማሽኑ ከእጅ ያመልጣል።

ዲስክ የሚያልቅበት ቀንም አለው። መሐሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ወርና ዓመት ተቀርጿል። ያለፈበትን በቅናሽ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ፤ ዲስኩን የያዘው ሙጫ በእርጥበትና በጊዜ ይደክማል።

ገመዱ ይሞቃል፣ ዕቃው ይነዝራል

የተጠቀለለ ማራዘሚያ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሥራው አጭር ቢሆንም ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ለግራይንደር የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን።

የሚነዝር ዕቃ ከተገኘ ያን ጊዜውኑ ይነቀል። ላስቲክ ጫማ አድርጎ መቀጠል መፍትሄ አይደለም። ወይ ገመዱ ተልጧል፣ ወይ ውስጡ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ አካሉ ብረት ሆኖ ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም። ስትገዙ ሽፋኑ ላይ ካሬ ውስጥ ያለ ካሬ ምልክት ፈልጉ። ሁለት ጊዜ የተሸፈነ ማለት ነው፤ ያለ ኧርዝም እንዲሠራ የተዘጋጀ።

የባትሪው ድሪል ቶሎ ይሞታል

ሱቅ ውስጥ 18 ቮልት፣ 20 ቮልት፣ 21 ቮልት የሚሉ ታገኛላችሁ። ሦስቱም አምስት ሴል በተከታታይ የተያያዘበት አንድ ዓይነት ባትሪ ናቸው። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልት 3.6 ነው፣ ሙሉ ሲሞላ 4.2። በአምስት ስታባዙት 18ንም 21ንም ታገኛላችሁ። ስለዚህ ቮልቱን ትታችሁ የአምፔር ሰዓቱን (Ah) አወዳድሩ፤ 4 የሚለው 2 ከሚለው እጥፍ ጊዜ ይሠራል። ባዶ አድርጋችሁ ለወራት አታስቀምጡት፣ ግማሽ ሞልታችሁ ቆርቆሮ ከማያግለው ቦታ አኑሩት። ሠርቶ የጋለ ባትሪ ከመሞላቱ በፊት ይብረድ።

መጋዙ ይያዛል፣ የብረት መጋዙ ጥርስ ይረግፋል

የእንጨት መጋዝ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ ናቸው። መንገድ የሚከፍቱለት እነሱ ናቸው። ዝንባሌው ከጠፋ፣ ወይም እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ይነክሰዋል። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይዛችሁ ልትስሉት ስትሉ የጥርሱ ጫፍ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ አትልፉ፤ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሞረድ አይበላውም።

የብረት መጋዝ፣ ሰጌቶ፣ ጥርሱ ከእጀታው ወደ ፊት ይመልከት። ቀጭን ቱቦ ስትቆርጡ ጥርሱ ከረገፈ ምላጩ ሻካራ ነው። በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለውን ግዙ። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት።

መዶሻው ይወላልቃል፣ ብረቱ ይዝጋል

መዶሻን ውኃ ውስጥ መንከር ሁላችንም ያየነው ዘዴ ነው። እንጨቱ ያብጣል፣ ለአንድ ቀን ይጠብቃል። ሲደርቅ ግን ከቀድሞው የበለጠ ይኮማተራል። ደረቅ ወይራ ፈልጋችሁ እጀታውን ቀይሩ፣ ከላይ ሽብልቅ ምቱበት። እርጥብ እንጨት አታስገቡ።

ክረምቱን በረንዳ ላይ ያደረ ፒንሳ ዝጎ ከተጣበቀ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፣ በሽቦ ፈትጉት፣ በውኃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉበት። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ። መጀመሪያ ያለሰልሳል፣ ከሳምንታት በኋላ እንደ ሙጫ ደርቆ ፒንሳውን መልሶ ያጣብቀዋል።

የተልባ ዘይት ይህ የመድረቅ ጠባይ በጣም ይበረታበታል። ስለዚህ ለብረት መጥፎ፣ ለእንጨት እጀታ ግን ከሁሉ የተሻለ ነው። በጨርቅ ስሱ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ጠጥቶ ሲደርቅ ድገሙት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት።