ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የበረራ ርቀትና ሰዓት እንዴት ይሰላል?

ትኬቱ «ከአዲስ አበባ መነሻ 22:30፣ ዳለስ መድረሻ በማግስቱ 08:00» ይላል እንበል (ዳለስ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው)። ብዙ ሰው ሁለቱን አቀናንሶ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው» ይላል። ስሕተት ነው፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ርቀቱ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይለኩ፤ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው። ቀላሉ ዘዴ የጉግል ኧርዝ መለኪያ ነው። በካልኩሌተር ከሆነ የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስ (የሰሜን-ደቡብ ዲግሪ) ሳይን እርስ በርስ ያባዙ። ለብቻው ደግሞ የኬክሮሶቹን ኮሳይን እርስ በርስና በኬንትሮሶቹ (የምሥራቅ-ምዕራብ ዲግሪ) ልዩነት ኮሳይን ያባዙ። ሁለቱን ውጤቶች ደምረው በተገላቢጦሽ ኮሳይን ወደ ዲግሪ ይመልሱ፣ ከዚያ አንዱ ዲግሪ በሚይዘው ኪሎ ሜትር፣ በ111.2 ያባዙ። ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ነው፤ ዳለስ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ፦ 116.26። ከተቀናነሱ መልሱ 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ትክክለኛው 104 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህን በአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር፣ ሲያካፍሉ 13 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ወደ ምዕራብ ሲበሩ የአትላንቲክ የከፍታ ነፋስ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ትኬቱን ለማስላት ሁለቱንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይለውጡ። ክረምታቸው ላይ ዋሽንግተን 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ (በፈረንጅ አቆጣጠር) 7 ሰዓት። ስለዚህ በጥር 08:00 ሲደመር 8፣ 16:00። ከ22:30 እስከ 16:00 አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው።

ከ13 ወደ 17 ያደረሰው መንገድ ላይ የሚደረገው ማረፊያ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሳት ይከብዳል። ለዓመታት አውሮፕላኑ ደብሊን (አየርላንድ) ወይም ሎሜ (ቶጎ) አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው ለዚህ ነው። ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ የመልስ በረራው ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የበረራ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ «አያርፍም» ብለው አይደምድሙ፤ የማረፊያውን ዝርዝር ከፍተው ይዩ።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ሌሊቱ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6:30፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ሰኞ ማታ 3:30 ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል። «ማክሰኞ ሌሊት» ብሎ ማክሰኞ ማታ 3:30 የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት አልፎታል። ለተቀባይ ዘመድ ሲነግሩም የዕለቱን ስም፣ «አጥቢያ» የሚለውን ቃልና የዋሽንግተንን ሰዓት አንድ ላይ ይጻፉለት።