ጅማ ላይ በፈረቃ የምትመጣን ውሃ ሳንታመም ለመጠጣት

"ውሃ መጣች" ሲባል ሁላችንም ጀሪካን ይዘን ነው የምንሮጠው፣ ግን እባካችሁ የመጀመሪያዋን ለመጠጥ አትቅዱ። መስመሩ ባዶ ሲከርም ግፊት ስለሌለው በተሰነጠቀ ቱቦ ፍሳሽ ይገባል፣ ሲለቀቅ ደሞ ያ ቆሻሻ ነው ቀድሞ የሚወጣው። እስኪጠራ ለልብስ ለወለል ቅዱ። ጠራ ማለትም ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ታይፎይድና ጃርዲያ በዓይን አይታዩም።

ዋናው ጣጣ ግን ጀሪካኑ ነው። አምና ክረምት የእህቴን ልጅ ሦስት ቀን ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ነርሷ ውሃውን በምን እንደምናስቀምጥ ስትጠይቀን "እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው" አልናት። ቤት ገብቼ ጀሪካኑን ከውስጥ በጣቴ ስነካው ያሟልጫል፣ ያፈላነውን ለካ እዛው ውስጥ ነበር መልሰን የምንገለብጠው! ከዛ ወዲህ በየሳምንቱ ሁለት እፍኝ ንጹህ ጠጠር ከሳሙናና ከትንሽ ውሃ ጋር እጨምርበትና ክዳኑን ዘግቼ እንደ ቅቤ እንጠዋለሁ፣ ከዛ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም። ስትቀዱም ጣሳ አትንከሩ፣ አዘንብላችሁ ቅዱ።

ስታፈሉ በደንብ ከተንተከተከ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ነው 3 ደቂቃ የሚባለው፣ ጅማ ከዛ ዝቅ ትላለች፣ ግን ከሰል ካላችሁ 3 አድርጉት። ከሰል ከተወደደባችሁ ውሃ አጋር የሚባል የውሃ ማከሚያ ክሎሪን አለ፣ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አዝቅጡትና በንጹህ ነጠላ አጥልሉት፣ ጭቃው የመድሃኒቱን ጉልበት ይጨርሰዋል። ሽታው አይጎዳም። በረኪና ግን ልኩ ስለማይታወቅ ተዉት። በላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ለ6 ሰዓት ያህል ማስጣት የሚባለውም ለበጋ ጥሩ ነው፣ በኛ ክረምት ግን ፀሐይ የት አለ?

ጉድጓድ ያላችሁ፣ በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን እዩ፣ ካልራቀ ሳታፈሉ አትጠጡ።

ልጅ ካስቀመጠው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) ወዲያው አጠጡት፣ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ጡትም አታቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ ወይ ሰገራው የሩዝ ውሃ ከመሰለ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው።