ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤትን በግፊት ውሃ አጥቦ ከጀርም ማጽዳት

በዚህ ሥራ ጀማሪዎችን የሚያሳስታቸው ቅደም ተከተሉ ነው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ እዚያው ያልቃል፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ እጥበቱ ይቅደም፣ በረኪናው ይከተል።

የግፊት ውሃ ቆሻሻውን በዓይን ወደማይታይ ጠብታ ይበትነዋል። ረጅም የጎማ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ መነጽርና ጭምብል ሳያደርጉ ማሽኑን አያስነሱ። ሠራተኛ ከቀጠሩ የሄፓታይተስ ኤ እና የቴታነስ ክትባቱን አስቀድመው ያስጨርሱ።

1. ታንኩን በመምጠጫ መኪና ባዶ ያድርጉ። ያጠቡበት ውሃም ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ እንዳይገባ ሰብስበው ከፍሳሹ ጋር ያስወግዱ።

2. ፈሳሽ ሳሙናውን ከታች ወደ ላይ ይርጩ፤ ከላይ ከጀመሩ እየወረደ መስመር ይሠራል። ሳይደርቅ 5 ደቂቃ ያቆዩትና በብሩሽ ይሹት።

3. የሽንት መሽኛውና የመቀመጫው ጠርዝ ላይ የሚጋገረውን ቢጫ ድንጋይ ሳሙና አይነካውም፤ የሚያሟሟው አሲድ ነው። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ይቀቡትና ለ15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የቀረ አሲድ በረኪና ካገኘው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

4. ግፊቱን ከ70 እስከ 100 ባር ያድርጉ። ውሃውን በ40 ዲግሪ ስፋት የሚረጨውን ነጭ አፍንጫ (የማሽኑን የመርጫ ጫፍ) ገጥመው ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከጣሪያ ወደ ወለል ይጠቡ። ቀዩ፣ ባለ 0 ዲግሪው፣ ፕላስቲኩን ይቦረቡረዋል። የአየር ማስገቢያ ወንፊቶቹን፣ የበር ማጠፊያውንና ተለጣፊ ጽሑፎቹን በቀጥታ አይምቱ።

5. 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን በ1 ሊትር ውሃ ያቅጥኑ። የበር መቀርቀሪያው፣ የመቀመጫው ክዳንና የወረቀት መያዣው ላይ በደንብ ያርከፍክፉ። ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከደረቀ ይድገሙት። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ አለበለዚያ ብረቱ ይዝጋል። የተበጠበጠ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ።

ብዙ ክፍሎች በተደረደሩበት ቦታ አንዱ በረኪናው እስኪሠራበት የሚቀጥለውን ሳሙና ይቀቡ። ዋጋ ሲተምኑም ይህን የጥበቃ ጊዜ ያስቡበት።

በሩን ከፍተው ካደረቁ በኋላ ታንኩ ውስጥ 20 ሊትር ያህል ውሃና አምራቹ በሚያዘው መጠን ሽታ ማጥፊያ ይጨምሩ። በማግስቱ ሽታው ከተመለሰ ከታንኩ ወደ ጣሪያ የሚወጣውን የአየር ቱቦና የሽንት መሽኛውን ቱቦ ውስጡን ይፈትሹ።