ሎው ዊስል ለምን ይጮህብናል? ጀማሪዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

የአየርላንድ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ቲን ዊስልን፣ ዋሽንት መሳዩዋን ትንሽ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ያውቃታል። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ስድስት ቀዳዳ፣ ቀጭን ድምፅ። ሎው ዊስል የእሷ ታላቅ ወንድም ነው። ዲ (D) በተባለው ኖታ የተቃኘው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ድምፁም ከትንሿ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ተመሳሳዩ ቀጣይ ኖታ ያለ ርቀት) ይወርዳል። ዛሬ የምናውቀውን የአሉሚኒየም ሎው ዊስል እንግሊዛዊው በርናርድ ኦቨርተን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለአየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ፊንባር ፉሬይ ሠራለት። የፉሬይ የቀርከሃ ዊስል ተሰብሮ ስለነበር ነው።

እኔ የመጣሁት ከዋሽንት ነው። ዋሽንት ለነፋ ሰው ይሄ ምን ይከብደዋል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡን አሳቀቀ።

በጣት ጫፍ መድፈን። የሁሉም ችግር እናት ይሄ ነው። ቀዳዳዎቹ ይራራቃሉ፣ በተለይ የታችኛው እጅ። ጣታችንን አጥፈን በጫፉ ለመድረስ ስንንጠራራ በአንድ ወገን ይከፈትና ዊስሉ ሲጥ ይላል። መፍትሔው የባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊዎች አያያዝ ነው። ጣቶቹ ዝርግ ይሆናሉ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው የመካከለኛው አንጓ ሥጋ ነው። የቀለበት ጣት ግን አጭር ስለሆነ በብዙ ሰው እጅ ላይ በጫፍ በኩል ባለው አንጓ ሥጋ ነው የሚደፍነው።

አንድ ደቂቃ ከነፋችሁ በኋላ ጣታችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ክቡ ምልክት ሙሉ ከሆነ ደፍናችኋል። ግማሽ ጨረቃ ከመሰለ በጎደለው በኩል አየር ሾልኳል። ጠልቆ ከቀላ ደግሞ እንደ ሎሚ ጨምቃችሁታል ማለት ነው። መጭመቅ አያስፈልግም፤ ጣቱ ልክ ቦታው ላይ ካረፈ ይበቃል።

ደግሞ ጥፋተኛውን ጣት ለዩ። ድምፁ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የታችኛው የቀለበት ጣት ሲወርድ ነው። ጥፋቱ ግን የእሱ ላይሆን ይችላል። እሱን ለማድረስ ስንዘረጋ ከላዩ ያለው ጣት ሸርተት ይላል። እኔ ያለ ጥፋቱ ሁለት ወር ወቅሼዋለሁ።

ሲጮህ ጨምሮ መንፋት። ድምፁ ሲሰበር በጉልበት ልናስተካክለው እንሞክራለን። ሎው ዊስል የታችኛውን ድምፅ የሚሰጠው በለሆሳስ ሲነፋ ነው። ትንሽ ካበዛችሁበት ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። ከጂ ጀምሩ፣ ሦስቱን የላይኛ ቀዳዳዎች ብቻ ደፍናችሁ። ድምፁ ሲረጋ አንድ ጣት ጨምሩ፤ ከዚያ ሌላ። ዲ ላይ ለመድረስ አትቸኩሉ።

ትንፋሽ እስኪያልቅ መጠበቅም አለ። ቧንቧው ሰፊ ስለሆነ አየር ይበላል፤ የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ደግሞ ማረፊያ የለውም። ነፊዎቹ አንድ ኖታ ጥለው ነው የሚተነፍሱት። የት እንደምትጥሉ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ዝነኛውን ዓይን ጨፍኖ መግዛት። ዝነኛው ሎው ዲ ነው። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ግን ሎው ኤፍ ወይም ሎው ጂ ያነሱ፣ ለጣት የቀረቡ ናቸው። ከሌሎች ጋር ለመጫወት ካሰባችሁ ግን አብዛኞቹ ዜማዎች በዲና በጂ ስለሚሄዱ ዞሮ ዞሮ ሎው ዲ ትገዛላችሁ። ለመሞከር ውድ ብረት አያስፈልግም፤ ቶኒ ዲክሰን የሚሠራቸውን የመሰሉ የፕላስቲክ ዊስሎች ቀለል ያሉ ናቸው።

እኔን ያስከፈለኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዊስሌ ጭንቅላቱ የማይሳብ፣ አንድ ወጥ ቧንቧ ነበር። ከኪቦርድ ጋር ስቀመጥ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ላድርገው ብል መላ የለውም። የሚሳብ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃኝ ነበር።

በብርድ መጀመር። ቀዝቃዛ ብረት ላይ የትንፋሽ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ጠባቡን የአየር መንገድ ይዘጋል። ድምፁ ይታፈናል፣ እናንተ ደግሞ ጣታችሁን ትወቅሳላችሁ። መንፊያውን ብብት ሥር አሙቁት። ከዘጋ መስኮቱን (ከመንፊያው ሥር ያለውን፣ ድምፅ የሚወጣበትን ክፍተት) በጣት ሸፍናችሁ አንዴ እፍ በሉበት። እዚያ ውስጥ ጨርቅና እንጨት አትስደዱ፤ ጠርዙ ከተጫረ ድምፁ አይመለስም።

ዋሽንት የለመዱ ሰዎች ደግሞ ከንፈራቸውን ያምናሉ። ዋሽንት ላይ ጠርዙን የሚያገኘው ከንፈራችን ነው፤ በከንፈር ድምፁን እናጎብጣለን፣ ማለትም ትንሽ ከፍና ዝቅ እናደርገዋለን። እዚህ ግን አየሩን ወደ ጠርዙ የሚመራው መንፊያው ራሱ ነው። ከንፈር ሥራ ፈት ነው። ድምፁን ማጉበጥ ከፈለጋችሁ ጣቱን ከቀዳዳው ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራቱት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፈጣን ሪል (የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ) ካልነፋሁ ይላል። እኔ በትዝታ ጀምሩ እላለሁ። ሜጀር ትዝታ ሎው ዲ ላይ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ነው፤ ጂንና ሲ ሻርፕን ብቻ ትዘላላችሁ። ቀዳዳን በግማሽ መድፈን የሚጠይቅ ኖታ የለበትም። ዝግ ብሎ ስለሚሄድም እያንዳንዱ ጣት መድፈኑን ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል።