ኦን ፓሳን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«አፑ አጭበረበረኝ» የሚል የቼዝ ተጫዋች ካጋጠማችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላው በኦን ፓሳን፣ ማለትም ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በሚያስበላው ልዩ ሕግ ነው። ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቶ «አሁን ማን ይነካኛል» ሲል፣ ከጎኑ የቆመው የተጋጣሚ ወታደር ላፍ አድርጎት ይሄዳል።

ሕጉ አጭር ነው። ነጭ ወታደር ኢ5 ላይ (ኢ ዓምድ፣ 5ኛ ረድፍ) ቆሟል እንበል። ጥቁር ወታደሩን ከዲ7 ወደ ዲ5 አዘለለው። ነጭ በቀጣዩ ተራው፣ ጥቁሩ ዲ6 ላይ ብቻ እንደቆመ ቆጥሮ ሊበላው ይችላል። አለቀ። ወታደር መጀመሪያ ሲነሳ ሁለት ቤት እንዲሄድ የተፈቀደለት ጨዋታው ቶሎ እንዲሟሟቅ ነው እንጂ ከጠላት ወታደር አፍ ሾልኮ እንዲያመልጥ አይደለም። (ጣሊያን ውስጥ እስከ 1880 እ.ኤ.አ. ድረስ ማምለጥ ይቻል ነበር፤ ሕጉ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።) «አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቁጠረው» የምትለዋን ከያዛችሁ፣ ከሚከተሉት ስህተቶች ብዙዎቹ አይነኳችሁም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ማረፊያው ላይ ነው። የሚበላው ወታደር ዲ5 ላይ ስላለ እጁ ወደ ዲ5 ይሄዳል። ወታደር ግን ወደ ጎን አይበላም። የራሳችሁን ዲ6 ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ዲ5 ላይ ያለውን ጥቁር ታነሳላችሁ። በቼዝ ውስጥ በዪው የሚያርፈው አንድ ቤት፣ ተበዪው የሚነሳው ደግሞ ከሌላ ቤት ላይ የሚሆንበት ብቸኛው አበላል ይሄ ነው። ውድድር ላይ ዲ5 ላይ አስቀምጣችሁ ሰዓቱን ከመታችሁ ሕገወጥ እርምጃ ሆነ ማለት ነው፤ በፊዴ (የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ሕግ በመደበኛ ጨዋታ ተጋጣሚያችሁ 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ከደገማችሁት ደግሞ ትሸነፋላችሁ።

«በኋላ እበላዋለሁ» ማለትም አይሠራም። መብቱ የአንድ ተራ ነው። መሀል ላይ ቼክ እንኳ ብትሰጡ፣ ተራችሁ ሲመለስ መብቱ የለም።

ሌላው፣ የትኛው ወታደር እንደሚበላ አለመለየት ነው። ከዲ7 ወደ ዲ6፣ ከዚያ በሌላ ተራ ወደ ዲ5 የሄደው አይበላም፤ ሁለቱን ቤት በአንዴ መዝለል አለበት። ጥቁሩ ዲ5 ላይ ቆሞ እናንተ ኋላ መጥታችሁ ኢ5 ላይ ብትቆሙም አይሆንም። በኦን ፓሳን መብላት የሚችለውም ወታደር ብቻ ነው፤ ፈረሳችሁ ወይም ንግሥታችሁ ዲ6ን ስለጠበቀች የምታገኙት ነገር የለም።

አሁን ልምድ ያላቸውም ወደሚወድቁበት እንምጣ። ነጭ ንጉሥ ኤ5፣ ነጭ ወታደር ኢ5፣ ጥቁር ሩክ ኤች5 ላይ ናቸው፤ በመካከል ሌላ ነገር የለም። ጥቁር ከዲ7 ወደ ዲ5 ዘለለ። ንጉሡን ከሩኩ የሚከልሉት ወታደሮች ሁለት ስለሆኑ ኢ5 የታሰረ (ቢነሳ ንጉሡን የሚያጋልጥ) አይመስልም። ግን በኦን ፓሳን ስትበሉ ሁለቱም በአንዴ ከረድፉ ላይ ይጠፋሉ፣ ንጉሡም ከሩኩ ፊት ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ አይፈቀድም። የቼዝ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ራሳቸው ይቺን የሚረሷት ጊዜ አለ፣ እኛማ ብንረሳት አይገርምም።

የዚህ ግልባጭም አለ። ንጉሣችሁ ሲ4 ላይ ሆኖ ያው የዲ5 ወታደር ቼክ ብሏችኋል፣ ንጉሡ መሄጃ የለውም፣ ተጋጣሚያችሁም ፈገግ ብሏል። እጅ ከመስጠታችሁ በፊት ኢ5 ላይ ወታደር እንዳላችሁ እዩ። ቼክ ያለውን ወታደር ራሱን በኦን ፓሳን መብላት ይቻላል።

ኢንተርኔት ላይ «ኦን ፓሳን ግዴታ ነው» የሚል ቀልድ አለ። ቀልዱን የምር የያዙ ስላሉ፦ ምርጫ ነው። ግዴታ የሚሆነው ሌላ ሕጋዊ እርምጃ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ያኔ «ስቴልሜት ነው፣ እኩል ወጣን» ማለት አይቻልም፣ መብላት አለባችሁ። ከዚህ ውጪ ግን ስለተቻለ ብቻ አትብሉ። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ6፣ ነጭ ኢ5፣ ጥቁር ዲ5 ቢጫወቱ ብዙ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ይበላል። ምን ተረፈው? ጥቁር በቢሾፑ መልሶ ይበላና አንድ መሣሪያ በነፃ ያወጣል፣ ጥቁርን ያጣበበው የኢ5 ወታደርም የለም። እኔ ብሆን አልበላም፣ ዲ4 ብዬ ወታደሬን እደግፈዋለሁ። በተቃራኒው፣ ነጭ ኤች5 ላይ ወታደር እያለው ጥቁር በኤች ዓምድ በኩል ካስል ካደረገው ንጉሡ ፊት ጂ7ን ወደ ጂ5 ገፍቶ «ዘጋሁት» ቢል፣ ብሉት። የኤች ዓምድ ለሩካችሁ ይከፈታል።

መጨረሻ ላይ፣ ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ሲደገም እኩል መውጣት ለመጠየቅ የምትቆጥሩ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ጊዜ ኦን ፓሳን መብላት ይቻል ከነበረና በሁለተኛው ካልተቻለ፣ ቦርዱ ቁርጥ አንድ ቢመስልም እንደ ሁለት የተለያዩ አቀማመጦች ነው የሚቆጠረው። ይሄን ረስታችሁ ዳኛ ከጠራችሁና ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ፣ ተጋጣሚያችሁ እዚህም 2 ደቂቃ ይጨመርለታል።