በአኖ 1800 የብረት ምርትን ማስፋፋት

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የከተማ ግንባታ ጨዋታ በአኖ 1800 ከተማው ማደግ ሲጀምር የአረብ ብረት ምሰሶ ያጥራል፤ የአብዛኛው ተጫዋች የመጀመሪያ እርምጃም ተጨማሪ የምሰሶ ፋብሪካ መትከል ነው። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ወጪ ከመጨመር አያልፍም፤ ምሰሶው ማዕድን ማውጫው፣ ማቅለጫው እና ፋብሪካው እየተቀባበሉ የሚሠሩት ስለሆነ የምርቱን መጠን የሚወስነው ከሁሉም የዘገየው ሕንጻ ነው።

ስለዚህ ከመትከል በፊት ማስላት ያስፈልጋል። የብረት ማዕድን ማውጫ በ15 ሰከንድ፣ ማቅለጫ በ30 ሰከንድ፣ የምሰሶ ፋብሪካ በ45 ሰከንድ አንድ ቶን ያወጣሉ። በዚህ ስሌት አንድ የብረት ማውጫና አንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሁለት ማቅለጫዎችንና ሦስት ፋብሪካዎችን ይመግባሉ፤ ውጤቱም በደቂቃ 4 ቶን ምሰሶ ነው። በደሴቱ ላይ የድንጋይ ከሰል ከሌለ በደን መካከል የሚሠሩ ሁለት የከሰል ማክሰያዎች አንዱን ማውጫ ይተካሉ። የጦር መሣሪያና የልብስ ስፌት መኪና ፋብሪካዎችም ከዚያው ማቅለጫ ብረት እንደሚወስዱ መርሳት አይገባም።

ስሌቱ ተሟልቶ ምርቱ ካነሰ የእያንዳንዱን ሕንጻ ክምችት መመልከት ይገባል። ጥሬ ዕቃ ካለቀበት ችግሩ ከእርሱ በፊት ባለው ሕንጻ ላይ ነው፤ ያመረተው ተከማችቶ ከቆመ ግን የጎደለው ማጓጓዣ ስለሆነ በአቅራቢያው መጋዘን መሥራት ወይም ያለውን ማሳደግ፣ መንገዱንም ድንጋይ ማንጠፍ ይበቃል።

ዋናው እንቅፋት የማዕድን ማውጫው ነው። ማቅለጫና ፋብሪካ ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ ሊተከሉ ሲችሉ፣ ማውጫ ግን በተራራው ሥር አስቀድሞ በተወሰኑት ጥቂት የማዕድን ቦታዎች ላይ ብቻ ይቆማል። ማዕድኑ የማያልቅ ቢሆንም ቦታዎቹ ሲያዙ የሚቀረው ያለውን ማውጫ ማፍጠን ነው። ከሠራተኞች በላይ ያለው የነዋሪ ደረጃ የሆኑት መሐንዲሶች ከመጡ በኋላ በነዳጅ የሚሠራው የኃይል ማመንጫ የሚደርስበትን ሕንጻ ምርት በእጥፍ ያሳድገዋል። እንደ እኔ አስተያየት ማመንጫው መቀመጥ ያለበት በቅድሚያ ማውጫዎቹን በሚያዳርስበት ስፍራ ነው፤ ማቅለጫዎቹ ብቻ ኤሌክትሪክ ቢያገኙ የደረሳቸውን ማዕድን በግማሽ ጊዜ ጨርሰው ሥራ ይፈታሉ፣ ማውጫዎቹ ብቻ ካገኙ ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ማውጫ ላይ አራት ማቅለጫና ስድስት ፋብሪካ ማሠራት ይቻላል። በሠራተኛ ማኅበር ሕንጻ ውስጥ የሚቀመጡት ባለሙያዎችም ምርት ያሳድጋሉ፤ የሥራ ሁኔታን ማጥበቅ ግን የሕዝቡን ደስታ ስለሚቀንስ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አይመከርም።

የሰው ኃይሉ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እያንዳንዱ ማውጫ 50፣ ማቅለጫ 100፣ ፋብሪካ 200 ሠራተኛ ስለሚፈልግ ከላይ የተጠቀሰው አንድ ስብስብ 900 ሠራተኞችን ይይዛል፤ አንድ የሠራተኛ ቤት ፍላጎቱ ሲሟላ 20 ሰው ስለሚያስተናግድ ይህ 45 ሙሉ ቤቶች ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ተጨማሪ ሰው ሳይጠይቅ ምርትን ስለሚያሳድግ ጥቅሙ እዚህም ይታያል። ማመንጫ ገና ካልተደረሰበት ግን በቅድሚያ ቤቶቹ፣ ከዚያ ማውጫዎቹ፣ ቀጥሎ ማቅለጫዎቹ፣ በመጨረሻም ፋብሪካዎቹ ይሠሩ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አዲሱ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ እየጠበቀ የጥገና ወጪ ይበላል፣ ሠራተኞችንም ከነባሮቹ ሕንጻዎች ይሻማል።