የሐይቅን የታች ውሃ በጠርሙስና በክር መለካት

ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ውሃው ወደ እናንተ ሲገፋ ስታዩ ታቹም አብሮ የሚመጣ ይመስላችኋል። አይደለም። ነፋስ የላዩን ውሃ ወደ አንድ ዳር ሲገፋ የተጠራቀመው መመለሻ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም በታች በኩል ነው የሚመለሰው። አንድ አሣ አጥማጅ አባት መረባቸውን እየሳቡ «ልጄ፣ ላዩ ወደዚህ፣ እግሩ ወደዚያ» ብለው አሳይተውኛል።

ባሕር ላይ ይህን የሚለኩት ወለሉ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃ ውስጥ ካለ ብናኝ ነጥሮ ሲመለስ ቅጥነቱ ምን ያህል እንደተለወጠ አይቶ ፍጥነቱን ያሰላል። ዋጋው አይቀመስም። አብሽሩ፣ እኛ በጠርሙስ፣ በክርና በድንጋይ እንጀምራለን።

መጀመሪያ ማዕበሉ። ዘንግ ትከሉና 11 የማዕበል ጫፍ እስኪያልፍ ሰዓት ያዙ፤ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው ያለውን ጊዜ ለ10 አካፍሉ። የመጣውን ሴኮንድ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ1.56። ጥልቅ ውሃ ላይ የማዕበሉ ርዝመት በሜትር ይኸው ነው። የርዝመቱን ግማሽ ያህል ወደ ታች ሲወረድ ማዕበሉ ከሞላ ጎደል አይሰማም። 2 ሴኮንድ ካገኛችሁ ርዝመቱ 6.2 ሜትር ነው፤ ከ3 ሜትር በታች ያለው ወለል ማዕበል መኖሩንም አያውቅም። ውቅያኖስ ላይ የ10 ሴኮንድ ማዕበል እስከ 78 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ማዕበሉ ወለሉ ድረስ ሲሰማ ለማየት 1 ሜትር የሚሆን ጥልቀት ምረጡ።

አሁን ጠርሙሱ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሙሉና ለመንሳፈፍ የምትበቃ ትንሽ አየር ብቻ ተዉለት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ አየሩ ከበዛ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይገተርና ደካማውን ውሃ አይነግራችሁም። እኔ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ ነው የተስተካከለልኝ። አንገቱን በ20 ሳንቲም ክር ከድንጋይ ጋር አስራችሁ አስቀምጡት። የክሩን ርዝመት ጻፉ፤ ውሃ ወለሉን ሲነካ ስለሚጎተት ወደ ታች በቀረባችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመት ያልተጻፈበት ልኬት ደግሞ ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

ጠራ ያለ የፕላስቲክ ሳህን ውሃው ላይ ጫን አድርጋችሁ በውስጡ በስልክ ቅረጹ። ጠርሙሱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው በማዕበሉ ነው። ቢያንስ 10 ሙሉ ማዕበል ቆጥራችሁ የሁሉንም ዘመም አማካይ አውጡ፤ ከዚያ በኋላም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ያ ጅረት ነው፣ ማለትም በታች በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደው ውሃ።

ዘመሙን ወደ ፍጥነት ለመቀየር ውሃው ጸጥ ባለበት ጠዋት ክሩን ከድንጋዩ ፈትታችሁ ውሃ ውስጥ በሚገባው የዘንግ ጫፍ ላይ እሰሩና ከዳር ሆናችሁ 10 ሜትር ጎትቱት። በ50 ሴኮንድ ከጨረሳችሁ በሴኮንድ 20 ሳንቲም ነው፣ በ100 ከሆነ 10። የየፍጥነቱን ዘመም መዝግቡ።

ብቻችሁን አትግቡ፣ ሐይቅ መሀሉ ላይ በጣም ሊጠልቅ ይችላል። ስትጨርሱም ክሩን ይዛችሁ ውጡ፣ የሰው መረብ ላይ ይጠመጠማል።